«ከትናንቱ ይለያል»

ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ አንጀቱን ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው ሲኖር የጠዋቱ ዙር የሚጀምረው «አየር ወጣ?» በሚል ጥያቄ ነው። አንጀት ሲነካ ለጥቂት ቀናት ሥራውን ያቆማል። ፈስ ከወጣ ነቅቷል ማለት ነው። ወጣቶች ያፍራሉ፤ ለእኛ ለነርሶች ግን የዚያን ቀን ትልቁ የምሥራች እሱ ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ በምሠራበት ሆስፒታል አንድ የባጃጅ ሹፌር አንጀቱ ታጥፎ መጣ። የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል ሲጠማዘዝ ሰገራም አየርም ይታገዳል፣ ሆድ ይነፋል፤ ቶሎ ካልተፈታ አንጀቱ ደም አጥቶ ይሞታል። በአገራችን የተለመደ ሕመም ነው፤ በወንዶች ላይ ይበዛል። ብዙዎች ቤት ውስጥ ሲታሹና ሲታገሱ ሰንብተው ነው የሚደርሱልን። ይህ ልጅ ግን ቶሎ ስለመጣ አንጀቱ አልሞተም። የተጠማዘዘው ክፍል ተቆርጦ ጫፍና ጫፉ ተሰፋ። በ3ኛው ቀን አየር ወጣ፣ የአፍንጫው ቱቦ ተነቀለ፣ አጥሚት ጀመረ።

በ5ኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እናቱ ኮሪደር ላይ ያዙኝ።

«ሲስተርዬ፣ ልጄ ከትናንቱ ይለያል።»

«ምኑ ነው እማማ?»

«እንጃ። ብቻ ይለያል።»

ትኩሳት የለውም፣ ቁስሉም ንጹሕ ነው። እሱም «አቦ እማዬ፣ አታካብጂ» ይላቸዋል። የልብ ምቱ ግን ጠዋት ካርዱ ላይ ከተጻፈው 88 ተነሥቶ 124 ገብቷል። አጥሚቱም አልተነካም። ሐኪሙን ጠራሁ፤ ሆዱን ሲጫነው ግራ ጎኑ ደንድኗል። ማታ ትኩሳቱ መጣ። ሌሊት እንደገና ሲከፈት ስፌቱ አፍስሶ ተገኘ።

የተሰፋ አንጀት የሚያፈስ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ቤተሰብ ተመስገን ብሎ ጠያቂ ወደ ቤቱ በተመለሰበት ሰዓት። ከትኩሳት ቀድሞ የልብ ምት ሊፈጥን ይችላል። ስለዚህ አሁን ቴርሞሜትር ከመያዜ በፊት አስታማሚውን «ከትናንት ምን ተለየ?» እላለሁ። እኛ በፈረቃ እንለዋወጣለን፤ እናት ግን አልጋው ሥር አንጥፋ ታድራለች። ይህን ያህል የሚያውቀው ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ሕይወቱን አተረፈ፤ ከባዱ ጊዜ ግን ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ስፌቱ ተፈትቶ የአንጀቱ የላይኛው ጫፍ በሆዱ ግድግዳ በኩል ወጣ፤ ሰገራ በዚያ ወደ ከረጢት ይወርዳል። ብዙ ቀን ዞሮ አላየውም፤ የሚያጥቡት እናቱ ነበሩ። የኦፕራሲዮኑ ቁስል መግል ይዞ ስለተከፈተ ከታች ወደ ላይ እስኪሞላ በየቀኑ ጎዝ ይጠቀጠቅበታል። ይህ ሳምንታት ይፈጃል፤ ዘገየ ማለት ግን ከሸፈ ማለት አይደለም። ደጋግሜ የነገርኩት ይህንን ነው።

ከረጢቱ ውድ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም። በድሬ ሙቀት ደግሞ ላብ ማጣበቂያውን ያላቅቀዋል። ሰገራው ቆዳ ላይ ሲያርፍ ይልጣል። ከመለጠፉ በፊት ቆዳውን በውሃ ብቻ አጥቦ በደንብ ማድረቅ፣ የከረጢቱን ቀዳዳ በወጣው አንጀት ልክ መቁረጥ፣ ከመሙላቱ በፊት ማራገፍ ነው። የወጣው አንጀት ቀይና እርጥብ መሆን አለበት። ከጠቆረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መምጣት ያስፈልጋል።

አንድ ቀን «አቦ ሲስተር፣ ሰው ከኋላዬ ቁጭ ብሎ እንዴት ነው የምነዳው?» አለኝ። ቀድሞ ካራገፈውና በደንብ ከተጣበቀ እንደማይሸት አሳየሁት፤ የሚነፋ ምግብ፣ ባቄላም ሽንኩርትም፣ ሥራ ባለበት ቀን እንዲቀንስ ነገርኩት። ጓደኞቹ ለጥየቃ ጫት ይዘው ሲመጡም መለስኳቸው። ምግብ ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል፤ እሱ የሚፈልገው እንቁላልና ውሃ ነበር። አኮረፉኝ፤ ግን አልጸጸትም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ከከዚራ ሰፈር ወደ ሳቢያን እየነዳ ነው። ሆዱ ሄርኒያ እንዳያበጅ፣ ማለትም አንጀት በሳሳው የሆድ ግድግዳ በኩል ገፍቶ እንዳይወጣ፣ ጆንያ አያነሣም፤ ዕቃ ያለው ተሳፋሪ ራሱ ይጭናል። አንጀቱ መልሶ የሚገጠመው ወራት አልፈው፣ ክብደቱ ሲመለስ ነው። እናቱ በየክትትሉ ቀን አብረው ይመጣሉ፤ ሚዛኑን የሚያነቡት እሳቸው ናቸው።