የ4ኤ-ጂኢ ቴስታታ ፖርቲንግ፦ የመግቢያው ጎን አልቋል፣ የመውጫው ቀርቷል

ፖርቲንግ ማለት በቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ አየር የሚገባባቸውንና ጭስ የሚወጣባቸውን መንገዶች፣ ፖርቶቹን፣ ፍቆ ማስተካከል ነው። ሥራ ላይ ያለው ቴስታታ የቶዮታ 4ኤ-ጂኢ ሞተር ባለ 16 ቫልቩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ጠባብ ፖርት ያለው ዓይነት። የሲሊንደሩ ስፋት 81 ሚ.ሜ፣ የፒስተኑ ምት 77 ሚ.ሜ፣ የሞተሩ ይዘት 1587 ሲሲ። የመግቢያ ቫልቩ 30.5፣ የመውጫው 25.5፣ የቫልቩ ዘንግ ደግሞ 6 ሚ.ሜ ነው። ቫልቮቹን የሚከፍቱት ዘንጎች፣ ካምሻፍቶቹ፣ የፋብሪካ ናቸው፤ ቫልቩን 7.1 ሚ.ሜ ያነሣሉ። ሌላ ቴስታታ የያዛችሁ ስሌቱን ውሰዱ እንጂ ቁጥሩን እንዳለ አትገልብጡ።

ፖርቲንግ ሲነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ስንት ሚሊ ሜትር አሰፋችሁት?» ነው። ለዚህ ቴስታታ መልሱን ቶዮታ ራሱ ሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1983 በኤኢ86 ኮሮላ የመጣው 4ኤ-ጂኢ ፖርቱ ሰፊ ነበር። ስፋቱ በዝቅተኛ ዙር የአየሩን ፍጥነት ስለሚገድለው ቲ-ቪስ የተባለ ነገር አስፈለገ፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ከሚገቡት ሁለት መንገዶች አንዱን ሞተሩ ከ4,000 ዙር በላይ እስኪደርስ የሚዘጋ ቢራቢሮ ማለት ነው። በ1989 ፖርቱን አጠበቡት፣ ቲ-ቪስን ጣሉት፣ የጃፓኑ ሞተር ጉልበት ግን ከ120 ወደ 140 የፈረስ ጉልበት ወጣ። የመጭመቂያው ሬሾም ከ9.4 ወደ 10.3 ስላደገ ጭማሪው ሁሉ የፖርቱ አይደለም። ቢሆንም መጥበቡ እንዳልጎዳው ግልጽ ነው። ጠባቡን ፖርት ይዞ ወደ ሰፊው ልክ የሚፍቅ ሰው፣ ፋብሪካው አይቶ የተወውን መልሶ እየሠራ ነው።

ስሌቱም ወደዚያው ይመራል። ቫልቩ ሲከፈት አየሩ የሚያልፍበት ክፍተት የቫልቩ ዙሪያ በከፍታው ሲባዛ ነው፦ 95.8 ሚ.ሜ ዙሪያ በ7.1 ሲባዛ 680 ስኩዌር ሚ.ሜ ገደማ። ከመቀመጫው (ቫልቩ ሲዘጋ ከሚያርፍበት ቀለበት) በታች ያለው ጉሮሮ 27 ሚ.ሜ ከሆነ የዘንጉ ስፋት ተቀንሶ 544 ስኩዌር ሚ.ሜ ይቀራል። ስለዚህ ቫልቩ 5.7 ሚ.ሜ እስኪነሣ ድረስ አየሩን የሚያንቀው በቫልቩና በመቀመጫው መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጉሮሮው። በሁለቱም ጊዜ ወሳኙ ቦታ መቀመጫው አካባቢ ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ከላይ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ከታች። ጊዜያችንም ያለቀው እዚያ ነው። በማኒፎልዱ (አየሩን ወደ ቴስታታው በሚያመጣው ቱቦ) በኩል ያለው አፍ በጣት የሚዳሰስ ስለሆነ ሁሉም እዚያ መፋቅ ይወዳል፤ ትርፉ ግን ትንሽ ነው።

ቡር (የሚፍቀው ተሽከርካሪ መቁረጫ) ከመነሣቱ በፊት መጠናቀቅ ያለበት ሥራ አለ፦ የቫልቭ ጋይዶቹ፣ ማለትም የቫልቩ ዘንግ የሚንሸራተትባቸው ቱቦዎች። በመግቢያ በኩል በዘንጉና በጋይዱ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.025 እስከ 0.060 ሚ.ሜ፣ በመውጫው ከ0.030 እስከ 0.065 መሆን አለበት፤ ከ0.08 እና ከ0.10 ካለፈ ጋይዱ ይቀየራል። መቀመጫውን የሚቆርጠው መሣሪያ መሐሉን የሚያገኘው በጋይዱ ስለሆነ፣ ባለቀ ጋይድ የተቆረጠ መቀመጫ ከመሐል ይወጣል። ቫልቩ ምን ያህል ስሜሪል ቢደረግበት (በሚፍቅ ቅባት ቢታሽ) አይገጥምም። ሬቲፊካ ቤት (የሞተር ክፍሎች በማሽን የሚቆረጡበት) ስትወስዱት ቅደም ተከተሉን ራሳችሁ ንገሯቸው፦ ጋይድ፣ ከዚያ የጉሮሮው ሻካራ ሥራ፣ ከዚያ መቀመጫ፣ መጨረሻ ላይ ማለስለስ። መቀመጫው ቀድሞ ከተቆረጠ አንዴ የሚያመልጥ ቡር ሙሉውን ሥራ ያበላሸዋል።

ለአልሙኒየም የሚሆነው ካርባይድ ቡር ጥርሱ ሰፊ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተቆረጠ ነው። ጥርሱ ደቃቅ የሆነው ወዲያው በአልሙኒየም ይደፈናል። ነጭ ጋዝ እየነከሩ መሥራት ይረዳል፤ ሻማ ማሸትም ያው ነው። የመቀመጫው ቀለበት ግን ጠንካራ የብረት ቅይጥ ስለሆነ ባለ ሰፊ ጥርሱ ቡር ሲነካው ጥርሱ ይረግፋል፤ ለእሱ ባለ ድርብ ጥርስ የሆነ ሌላ ቡር ያዙ። ፍጥነት ከ10,000 እስከ 15,000 ዙር በደቂቃ ይበቃል። ማሽኑ 25,000 ስለሚሄድ ብቻ እስከዚያ የሚለቀው ሰው ግድግዳው ላይ ማዕበል ይሠራል። እጀታው 15 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ረጅም ቡር ከፖርቱ ውጭ በባዶ አየር ላይ ማሽከርከር ክልክል ነው፤ በሙሉ ዙር እጀታው ታጥፎ ይወረወራል። መነጽርና የአፍ መሸፈኛም አይረሳ።

በዚህ ቴስታታ ከመቀመጫው ሥር የማሽን ቁርጡና የቀረጻው ግድግዳ የሚገናኙበት ስለታም እርከን አለ። የመጀመሪያው ሥራ እሱን ማጥፋት ነው። ጉሮሮው 27 ሚ.ሜ ላይ ቆመ፤ ይህ ከቫልቩ ስፋት 88.5 በመቶ ነው። 90 በመቶ፣ ማለትም 27.5 ገደማ፣ ጣሪያው ነው። ከዚያ ከታለፈ ለመቀመጫው የታችኛው 60 ዲግሪ ቁርጥ የሚሆን ብረት አይተርፍም።

መቀመጫው በሦስት ማዕዘን ተቆረጠ፦ ላይ 30፣ መሐል 45፣ ታች 60 ዲግሪ። የ45ቱ ስፋት በመግቢያ 1.0 ሚ.ሜ ነው፤ የፋብሪካው ልክ ከ1.0 እስከ 1.4 ስለሆነ ዝቅተኛው ጠርዝ ላይ ነን። የሚነካበት መስመር ከቫልቩ ጠርዝ 0.4 ሚ.ሜ ያህል ወደ ውስጥ ይሁን፤ በሰማያዊ ቀለም ይረጋገጣል። ጠርዙ ላይ ከወጣ ቫልቩ ይቃጠላል፤ ወደ ውስጥ በጣም ከገባ ደግሞ ክፍተቱ ያለ ምክንያት ይጠብባል። የቫልቩ ጀርባም 30 ዲግሪ ተቆረጠ። ርካሽ ሥራ ነው፤ በዝቅተኛ ከፍታ ላይ የሚሰጠው ጥቅም ከሁሉም ይበልጣል ባይ ነን።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ፦ የፖርቱ ወለል ወደ መቀመጫው የሚታጠፍበት አጭሩ ኩርባ። አየሩ እዚያ ሲደርስ፣ በፍጥነት የመጣ ሚኒባስ ጠባብ ኩርባ ላይ ወደ ውጭ እንደሚወጣ፣ ከወለሉ ተላቆ ወደ ተቃራኒው ግድግዳ ይሄዳል። ወለሉን ዝቅ ካደረጋችሁት ኩርባው ይበልጥ ይሰላል፤ ቀዳዳው ሰፍቶ የሚያልፈው አየር ይቀንሳል። የተነሣ ብረት ደግሞ አይመለስም፤ ብየዳ ብቻ ነው መፍትሔው። እኛ እዚህ ቦታ ላይ ቡር አላስገባንም፤ 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በጣት ይዞ ጫፉን ማክበብ ብቻ። መላቀቁን ለማየት ቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ አጭር ክር አስሮ፣ ፍሎው ቤንቹ (በፖርቱ የሚያልፈውን አየር የሚለካው ማሽን) እየሳበ ወለሉ ላይ ማስጠጋት ነው። ክሩ ተኝቶ ከተሳበ አየሩ ይዟል። ከተንቀጠቀጠ ወይም ወደ ኋላ ከዞረ ለቋል።

ሁለቱን ቫልቮች የሚለየው ግድግዳ እንደ ምላጭ መሳል የለበትም። አየሩ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይመጣም፤ ሲያዘነብል ስለታም ጠርዝ ላይ ይላቀቃል። ጫፉ ከ1.5 እስከ 2 ሚ.ሜ ራዲየስ ኖሮት ቢከበብ ይሻላል። ጋይዱ ዙሪያ ያለውን ጉብታ ከጎንና ከጎን ማቅጠን ይቻላል፤ ጋይዱን ራሱን ከግድግዳው እኩል መቁረጥ ግን 6 ሚ.ሜውን ዘንግ ድጋፍ ያሳጣዋል።

ማኒፎልዱን ከጓርኒሲዮኑ (በመካከል ከሚገባው ማሸጊያ) ጋር ማመሳሰል የሚባል ልማድ አለ። የጓርኒሲዮኑ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከፖርቱ ይሰፋል፤ በእሱ መስመር ስትፍቁ አፉ ላይ ኪስ ትሠራላችሁ። ፖርቱና ማኒፎልዱ እርስ በርስ ይመሳሰሉ፤ ጓርኒሲዮኑ ከኋላ ይስተካከል። ፍጹም እኩል ማድረግ ካልተቻለ በመግቢያው ጎን ማኒፎልዱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢጠብብ ችግር የለውም። የተገላቢጦሹ እርከን ነው የሚጎዳው።

የመግቢያው ማለስለሻ በ80 ቁጥር አበቃ። መስታወት ማድረግ ለፎቶ ያምራል፤ ነዳጁ ግን ለስላሳ ግድግዳ ላይ ተጠራቅሞ በጠብታ ይሄዳል።

ፍሎው ቤንቹ የሚሠራው በ10 ኢንች የውሃ ግፊት፣ ማለትም 254 ሚ.ሜ ነው። ብዙ ሰው ንባቡን በ28 ኢንች ስለሚሰጥ ለማወዳደር የኛን በ1.67 ማባዛት ያስፈልጋል። የፖርቱ አፍ ዙሪያ በፕላስቲን ክብ ከንፈር ካልተሠራለት ንባቡ ዝቅ ይላል። ከ1 እስከ 8 ሚ.ሜ በየአንድ ሚሊ ሜትሩ መለካት አለበት፤ ቫልቩ ሙሉ የሚከፈተው ለአፍታ ስለሆነ በትልቁ ከፍታ ብቻ የተገኘ ትልቅ ቁጥር ብዙ አይናገርም። አዲስ አበባ ላለን፦ ቤንቹ የአየሩን መጠን በኦሪፊስ (ልኩ በሚታወቅ ቀዳዳ) የሚያመዛዝን ከሆነ የከፍታው ነገር ሁለቱም ጎን ላይ ስለሚመጣ ይጣፋል። ዳይኖ (የሞተሩን ጉልበት የሚለካው ማሽን) ላይ ግን አይጣፋም፤ እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ሳይታረም የተጻፈ የፈረስ ጉልበት ከሌላ አገር ቁጥር ጋር አይወዳደርም።

የማቃጠያ ክፍሉን በጥቂቱ ነው የነካነው፤ ቫልቩን ከሚጋርደው ግድግዳ ስለታም ጠርዙን ብቻ። በቴስታታውና በሞተሩ ብሎክ መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮን መስመር ቀድሞ በመጫሪያ ይሠመር፤ ከእሱ ማለፍ አይቻልም። ከ10.3 ሬሾ ተነሥተን ስናሰላ በፒስተኑ ላይ የሚቀረው ክፍት ቦታ 42.7 ሲሲ ነው። አንድ ሲሲ ብረት ሲነሣ ሬሾው ወደ 10.1 ይወርዳል። አራቱ ክፍሎች ካንዴላ ገብቶላቸው፣ ቫልቮቹ ግሪስ ተቀብተው፣ ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ መስታወት ተከድነው በቢሬት (ልኬት ባለው የመስታወት ቱቦ) ፈሳሽ እየተጨመረ ይለካሉ፤ ልዩነቱ ከ0.5 ሲሲ እንዳይበልጥ። የቴስታታውን ፊት በማሽን አስልጦ ሬሾውን መመለስ ይቻላል፤ ግን ቴስታታው ዝቅ ሲል ካምሻፍቶቹ ስለሚዘገዩ የሚስተካከል ፑሊ ያስፈልጋል።

የመውጫው ጎን ቀሪ ነው። እዚያ መቀመጫው 1.4 ሚ.ሜ ይሆናል፤ የሚፋጀው ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው በዚያ ስለሆነ ማጥበብ አይመከርም። ጋይዱም በዚሁ ምክንያት አይነካም። የማኒፎልዱ አፍ ከፖርቱ 1 ሚ.ሜ ሊሰፋ ይችላል፤ ወለሉ በኩል እርከኑ ይቆይ፣ ተመልሶ የሚመጣውን ጋዝ ያግዳል። የውሃ መንገዱ ለመውጫው ቅርብ ስለሆነ ግድግዳው በአልትራሳውንድ ውፍረት መለኪያ ይታያል፤ ከ3 ሚ.ሜ በታች መውረድ አንፈልግም። መለኪያ የሌለው ሰው፣ የተሰነጠቀ ቴስታታ በርካሽ ገዝቶ በመጋዝ ለሁለት ቢቆርጥ ያው መረጃ ያገኛል።

ካምሻፍት ከመታሰሩ በፊት ቴስታታው በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ የዘይት ቀዳዳዎቹ በብሩሽ ይታጠባሉ። የብርጭቆ ወረቀት ብናኝ ባኬቶቹን (ካሙ ቫልቩን የሚገፋባቸውን ኩባያዎች) በአጭር ጊዜ ይበላል። ሺሞቹን (በካሙና በቫልቩ መካከል ያለውን ክፍተት የሚወስኑትን ስስ ብረቶች) ደግሞ ከመቀመጫው ቆረጣ በፊት ባለው ልክ አትግጠሙ። መቀመጫው ሲቆረጥ ቫልቩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ የዘንጉ ጫፍ ወደ ካሙ ይጠጋል። ሲቀዘቅዝ የሚፈለገው ክፍተት በመግቢያ ከ0.15 እስከ 0.25፣ በመውጫው ከ0.20 እስከ 0.30 ሚ.ሜ ነው። ክፍተቱ 0.20 የነበረ ቫልቭ 0.25 ከሰመጠ ካሙ ቫልቩን ይዞት ይቀራል፣ አይዘጋም፣ ይቃጠላል። 2.80 ሺም የነበረበት ቦታ 2.55 ይጠይቃል። ስለዚህ 16ቱንም ለክታችሁ በሠንጠረዥ ከጻፋችሁ በኋላ ሺም እዘዙ።