ሳራቶጋ ላይ የሚወራው ስለ ተሸነፉት ፈረሶች ነው

ከወንድሜ ጋር ከኒው ዮርክ ከተማ ወደ ሰሜን ሦስት ሰዓት ከምናምን ነድተን ሳራቶጋ ስፕሪንግስ የገባነው ማታ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከፈረስ እሽቅድምድም ሜዳው በር ስንደርስ ሰው ተሰልፏል። ገና አንድ ፈረስ አልታየም። በሩ ሲከፈት ሁሉም የጠረጴዛ ልብሱን እንደያዘ ሮጠ። ለካ ከዛፎቹ ሥር ያሉት ጠረጴዛዎች ቀድሞ ለደረሰ ናቸው፤ ጨርቅ ያነጠፈ ሰው ቀኑን ሙሉ የእሱ ነው።

እኛ ቦታ አጣን። ሁለት አዛውንቶችና አንዲት ትልቅ ሴት ግን ጠጋ ብለው "ኑ፣ ተቀመጡ" አሉን። እዚያው ዋልን።

እዚህ ፈረስ መሮጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። ቅጽል ስሙ "የሻምፒዮኖች መቃብር" ይባላል። ሌላ ቦታ ሰው የሚያወራው ስላሸነፈ ፈረስ ነው። እዚህ ግን ጨዋታው ሁሉ ስለ ተሸነፉት ነው፣ ያውም ልክ ትናንት የሆነ ይመስል።

ሴትዮዋ የጀመሩት ማን ኦ ዋር ከሚባል ፈረስ ነው። በዕድሜው 21 ጊዜ ሮጦ 20 ጊዜ አሸንፏል። የተሸነፈው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እዚሁ ሜዳ፣ ነሐሴ 1919። በዚያ ዘመን የመነሻ ሣጥን የለም፤ ገመድ ነው የሚወጠረው። ገመዱ ሲነሣ እሱ በቅጡ አልቆመም ነበር፣ ከዚያ በሌሎች ፈረሶች መሃል ታፈነ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ከነጋላቢው 59 ኪሎ ተሸክሞ ነበር፣ ያሸነፈው ፈረስ 52 ብቻ። በግማሽ ፈረስ ርዝመት ተቀደመ። የአሸናፊው ስም አፕሴት ነው። በእንግሊዝኛ ያልተጠበቀ ሽንፈት አፕሴት የተባለው በዚህ ፈረስ ስም ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። ትክክል አይደለም፣ ቃሉ ከዚያ በፊትም ነበረ። ሴትዮዋም ይህን አጥብቀው ነገሩን።

አንደኛው አዛውንት ወሬውን ወደ 1930 ወሰዱት። ጋላንት ፎክስ የሚባለው ፈረስ የዚያን ዓመት ሦስቱን የአሜሪካ ታላላቅ ውድድሮች ጠራርጎ የዚህ ሜዳ ትልቅ ውድድር በሆነው በትራቨርስ ቀረበ። ሜዳው ጭቃ ነው። ጂም ዳንዲ የሚባል፣ ያሸንፋል ተብሎ ያልታሰበ፣ በውርርድ አንድ ለመቶ የተገመተ ፈረስ በስምንት ፈረስ ርዝመት ጥሎት ሄደ። ዛሬ እዚሁ ሜዳ ላይ በጂም ዳንዲ ስም የሚጠራ ውድድር አለ። እኔ ይሄ ደስ ይለኛል። አንድ ቀን ብቻ ያበራ ፈረስም ስሙ ቀረ።

ሁለተኛው አዛውንት እስከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። ቀስ ብለው የኪስ ቦርሳቸውን ከፈቱና ከፎቶዎች ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ቁራጭ ወረቀት አወጡ። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፣ መሃሉ ላይ የታጠፈበት መስመር ሊቀደድ ደርሷል። ሰኔ 9፣ 1973፣ ቤልሞንት ፓርክ፣ ሌላው የኒው ዮርክ የፈረስ ሜዳ። ሴክሬታሪያት የሚባለው ፈረስ በ31 ፈረስ ርዝመት ቀድሞ፣ በ2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ የጨረሰበት ቀን የቆረጡት የሁለት ዶላር የውርርድ ቲኬት ነው። ቢያስመልሱት 2 ዶላር ከ20 ሳንቲም ያገኙበት ነበር። አላስመለሱም። እሳቸው ብቻም አይደሉም፤ የዚያን ቀን 5,617 አሸናፊ ቲኬቶች ገንዘብ ሳይጠየቅባቸው ቀርተዋል።

"ግን እዚህም ነበርኩ" አሉኝ። ከዚያ ድል ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 4፣ ያ ትልቅ ዳማ ፈረስ በዊትኒ ውድድር በኦኒየን ተሸነፈ። ኦኒየን ሽንኩርት ማለት ነው። ሴክሬታሪያት ሰሞኑን ታሞ ነበር። ሜዳው እንዴት ጸጥ እንዳለ ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ራሳቸው ዝቅ አደረጉ።

እኔም የራሴን አወጣሁ። 2015 ላይ አሜሪካን ፋሮህ በትራቨርስ ሲሸነፍ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። በ37 ዓመት ውስጥ ሦስቱን ውድድሮች ያሸነፈ የመጀመሪያው ፈረስ ነበር። ኪን አይስ መጨረሻ ላይ ደርሶ አለፈው። ያን ምሽት እራት አልበላሁም። ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ገባቸው።

እኛ አገር ጀግናን በፈረሱ ስም እንጠራለን፣ ምኒልክን አባ ዳኘው እንደምንለው። ይህን ስነግራቸው ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ከጠረጴዛው ብዙ ሳይርቅ ቢግ ሬድ የሚባል ምንጭ አለ። ቀምሼዋለሁ። ብረት ብረት ይላል፣ አምቦ ውሃ ለለመደ ሰው ግን አይከብድም። ሜዳው መሃል ባለው ኩሬ ላይ ደግሞ ባለፈው ትራቨርስ ያሸነፈውን ፈረስ ባለቤት ቀለም የተቀባች ታንኳ ትንሳፈፋለች።

ከዚያ ደወሉ ተደወለ። በእጅ ነው የሚደወለው፣ ከእያንዳንዱ ውድድር 17 ደቂቃ ቀደም ብሎ። ፈረሶቹ በሕዝቡ መሃል አልፈው ወደ ሜዳ ይሄዳሉ፤ አንዲት ቦራ ፈረስ በጣም ቀርባን ስታልፍ ትንፋሿ ይሰማ ነበር። አዛውንቱ ቲኬቱን በላስቲኩ መልሰው ጠቀለሉ፣ ከፎቶዎቹ ሥር ከተቱት፣ ወንድሜን ትከሻውን ይዘው ተነሡ።

"ቁጥር አራትን እያት" አሉት።