ጠዋት አንድ ካርታ፣ ማታ አንድ መስመር፦ የ2019 እንቁጣጣሽ መልእክት

ውድ ወዳጆቻችን፣ ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ እንኳን በሰላም አሸጋገራችሁ። ዘንድሮ በዓሉ ዓርብ ስለዋለ ዶሮው ለቅዳሜ የተቀጠረበት ቤት ብዙ ነው። እስከዚያ የምታነቡት ይሁን ብለን ስለ ዕለታዊ ካርታ፣ ማለትም ጠዋት አንድ ባለ ሥዕል ካርታ አውጥቶ ማታ በደብተር አንድ መስመር ስለ መጻፍ፣ ትንሽ ረዘም አድርገን ጽፈናል።

ኦራክል ካርታ፣ ማለትም ዕድል ለማንበብ የሚወጣው ባለ ሥዕል ካርታ፣ ነገን አያውቅም፤ ወረቀት ነው። የሚጠቅመው በዘፈቀደ የወጣ አንድ ሥዕል ዛሬን ባላሰባችሁበት በኩል እንድታዩት ስለሚያደርግ ብቻ ነው። እምነቴ ይህን አይፈቅድልኝም የሚል ሰው ካርታውን ትቶ ደብተሩን ይያዝ፤ የሚጎድልበት ጥቂት ነው።

ለጀማሪ የምንመክረው ሌኖርማን የሚባለውን ባለ 36 ካርታ ነው። መነሻው ጥንቆላ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1799 አካባቢ ኑረምበርግ ውስጥ ዮሐን ካስፓር ሄክተል የሠራው በዳይስ የሚጫወቱት የቤት ጨዋታ ነው። ማሪ አን ሌኖርማን በዘመኗ የታወቀች የፓሪስ ካርታ አንባቢ ብትሆንም፣ ስሟ በካርታው ላይ የተለጠፈው እሷ በ1843 ከሞተች በኋላ ነው፤ ለገበያ እንዲመች። ሥዕሎቹ ቁልፍ፣ ደብዳቤ፣ ደመና፣ ውሻ፣ ቤት፣ አይጥ የመሳሰሉ ተራ ነገሮች መሆናቸው ነው ደጉ ነገር። ምክሩ ታትሞባቸው የሚመጡ ባለ መልአክ ካርታዎች ያምራሉ፤ ግን ለማሰብ ቦታ አይተዉም።

መግዛት አያስፈልግም። 6.3 በ8.8 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 9 ካርታዎች ከአንድ ኤ4 ወረቀት ይወጣሉ፤ 4 ወረቀት 36 ይሞላል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ግራም ይሁን፤ ከዚያ ከሳሳ ሥዕሉ በጀርባ ያስታውቃል። በማስመሪያና በምላጭ ቁረጡ። አንዷ ካርታ በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ከሌሎቹ ከተለየች ስትበውዙ ጣት ይለያታል፤ ሳታውቁት እሷኑ ደጋግማችሁ ታወጣላችሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ስልክ ከመከፈቱ በፊት በውዙ፤ መጀመሪያ ጥያቄውን ጻፉ፣ ከዚያ አንዷን አውጡ። ጥያቄው «ዛሬ ምኑን ላስተውል?» ዓይነት ይሁን። «ይሳካልኝ ይሆን?» ካላችሁ ካርታው አዎ ወይም አይደለም እንዲል ትጠብቃላችሁ፣ ቀኑን ማየት ቀረ ማለት ነው። ትርጉሙን ከማሰባችሁ በፊት የምታዩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ከዚያ ወደ ጥያቄ ለውጡት።

ለምሳሌ 23ኛዋ፣ አይጥ፣ ወጣች እንበል። «አይጦች እህል ይቆረጥማሉ።» ጥያቄው «ዛሬ ሳላየው በትንሽ በትንሹ የሚያልቅብኝ ምንድን ነው?» ይሆናል። ማታ የሚጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «ለ3 ሰዓት የተባለው ስብሰባ 4 ተኩል ላይ ተጀመረ፤ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።» በቃ። ገንዘብ ሊጠፋብኝ ነው፣ ምቀኛ አለብኝ ብሎ መተርጎም ግን ከዚች አይጥ የከፋ አይጥ ነው። 8ኛዋ የሬሳ ሣጥን ናት፤ በእንቁጣጣሽ ጠዋት ብትወጣ ቤቱ ሁሉ ይደነግጣል። «ያለቀ፣ ግን ያልዘጋሁት ጉዳይ የቱ ነው?» ብላችሁ ያንኑ ዕለት አንዱን ዝጉ፤ ያልተመለሰ ስልክ ቢሆንም።

የማታዋን መስመር የሚዘልሉ ብዙ ናቸው፤ ልምዱም የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። የጠዋቱ ብቻ ሲጻፍ ካርታው ሁልጊዜ ልክ የሆነ ይመስላል። በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1948 ለተማሪዎቹ በሙሉ አንድ ዓይነት ጽሑፍ «ያንተ ጠባይ ነው» ብሎ ሰጥቷቸው፣ ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ሲጠየቁ በአማካይ ከ5 ነጥብ 4.26 ሰጥተውታል። ለሁሉ የሚሆን ቃል ለኔ የተባለ ይመስላል። የምትጻፈው መስመር ሰዓትና ሥራ የሚጠቀስባት ትሁን የምንለው ለዚህ ነው።

«ያችው ካርታ መጣችብኝ፣ ምልክት ነው» የሚለውም ሒሳብ ነው። ካርታውን በየቀኑ እየመለሳችሁ ከበወዛችሁ፣ በ7 ቀን ውስጥ ቢያንስ አንዷ የመደገም ዕድሏ 46 በመቶ ነው። በ30 ቀን ደግሞ ከ36ቱ 15 ያህሉ ጭራሽ ላይወጡ ይችላሉ። ያልወደዳችኋትን መልሳችሁ ሌላ አታውጡ፤ የማትመች ካርታ ናት ብዙ ጊዜ የምታሠራው። ያመለጣችሁን ቀንም በማግስቱ ሁለት አውጥታችሁ ለማካካስ አትሞክሩ።

በበዓል ቡና ላይ ካርታው ለእንግዳ እንዲወጣ መጠየቁ አይቀርም፤ «ዲቪ ይደርሰኛል? ልጅቷ ታገባለች?» እየተባለ። እምቢ በሉ። ስለ ሌላ ሰው፣ ስለ ሕመምና ስለ ብድር ካርታ አይወጣም፤ ለነዚህ ሰውየው ራሱ፣ ሐኪሙና ባንኩ አሉ።

በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ስለሆነች ዓመቱ 366 ቀን ነው። በአንድ ገጽ 4 ቀን ከጻፋችሁ ባለ 50 ሉክ ደብተር ዓመቱን ጨርሶ ይተርፋል። ጳጉሜን ስትገባ በቀን የ2 ወር መስመሮችን አንብቡ፤ በ6 ቀን 12ቱ ወር ያልቃል። ስታነቡ ካርታዎቹን እለፏቸውና የማታዎቹን ብቻ ተከተሉ፤ ከሦስት ጊዜ በላይ የተጻፈውን ነገር አስምሩበት፤ ለ2020 የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ይሁን።

መልካም አዲስ ዓመት!