የአባት ቤት

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሐምሌ ደመና ከተማዋ ላይ ሲከብድ፣ ወንድሜ ደጋግሞ እየደወለ፣ እኔም ስልኩን ሳላነሣ ወደ ፋሲል ግቢ ገባሁ። የሚለኝን አውቀዋለሁ፤ የአባታችን ቤት ባዶውን ከሚፈርስ አንዳችን እንግባበት የሚለው ጭቅጭቅ ከፋሲካ ወዲህ አልተቋረጠም። የጎንደር ልጅ ሆኖ ቲኬት ቆርጦ ግቢውን የሚጎበኝ ሰው ወይ እንግዳ አስከትሏል፣ ወይ ከዘመድ ተደብቋል።

ስዘዋወር ግን ስንት ዓመት አይቼው ያላስተዋልኩት ነገር ያዘኝ። እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 የነገሡት ዐፄ ፋሲል ያን በአራት ማዕዘኑ ጉልላት የደፋ ግንብ በድንጋይና በኖራ ሲያቆሙ፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቤት ነበር የሠሩት፤ ተርፎም ይኸው ቆሟል። ይሁንና ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ እዚያው ግቢ ውስጥ የራሳቸውን አሠሩ። የልጅ ልጃቸው አድያም ሰገድ ኢያሱም እንዲሁ፤ በዝሆን ጥርስና በወርቅ አጊጦ ነበር የሚባልለት ቤተ መንግሥታቸው ዛሬ ጣሪያ የለውም፤ ብቀመጥበት ዝናቡ ያገኘኛል። ከዚያ ዐፄ ዳዊት የዘፈን ቤት፣ ዐፄ በካፋ የግብር አዳራሽ ጨመሩ። የበካፋ ባለቤት እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ በግቢው ውስጥ የራሳቸውን ካሠሩ በኋላ እርሱም አልበቃ ብሏቸው ቍስቋም ላይ ሌላ አቆሙ። 900 ሜትር በሚሆን ቅጥር የታጠረውና እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ሁሉ ግንብ፣ እንደ እኔ ግምት፣ የአባት ቤት አልበቃን ያሉ ልጆች ሥራ ነው።

አክብሮት ይሆን፣ ኩራት? ወይስ የአባት ድምፅ ከግድግዳው አልጠፋ ብሏቸው? ወንድሜ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ልለስነው ሲለኝ የተቆጣሁት ለምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ግንቦቹ የተጠገኑበትን ሲሚንቶ በኋላ አንሥተው በኖራ መተካታቸውን ጠቅሼ ስከራከረው፣ «እሺ፣ ኖራውን አንተ ግዛ» ብሎኝ ነበር።

የመዝጊያ ሰዓት ደርሶ ጥበቃው ሲጠራኝ ስልኬን አየሁ፤ ስድስት ያልተነሡ ጥሪዎች። «ነገሥታቱም የአባታቸው ግንብ አልበቃቸውም» ልለው አሰብኩና ተውኩት። «ያንተ ግንብ ታዲያ የታለ?» ቢለኝ፣ ያለችኝ የወሩ ያልተከፈለላት የኪራይ ክፍል ናት።