በቀን አንድ ሚሊሜትር

እሑድ የወንድሜን እጅ የምመረምርበት ቀን ነው። ቡና ሲያልቅ ቀኝ እጁን ጉልበቴ ላይ ያሳርፋል፤ እኔም ከአንጓው ጀምሬ ወደ ትንሿ ጣት መታ መታ እያደረግሁ እወርዳለሁ። «እዚህ ጋ ነዘረኝ፣ እታለም» ያለበትን ቦታ በእስክሪብቶ እነቁጠዋለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ኮምቦልቻ ቆርቆሮ ሲቆርጥ ስለቱ አንጓውን ዘልቆ ወደ ትንሿ ጣት የሚሄደውን ነርቭ በጠሰው። ሐኪም ሰፋለት፤ ከዚያ ወዲህ ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ብርድ ሥር አብሮን አለ። እናታችን «ከተሰፋ ታዲያ ለምን አይሰማውም?» እያለች አሥሬ ጠየቀችኝ። ለእርሷ ላስረዳ ስል ነው እኔም በቅጡ የገባኝ።

ነርቭ እንደ አንድ ሽቦ አይደለም፤ ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ በሺህ የሚቆጠሩ ክሮች እስር ነው። እያንዳንዱ ክር የአንድ ሕዋስ ክንድ ነው። የሕዋሱ አካል ያለው ደግሞ እጅ ላይ ሳይሆን አንገት አካባቢ፣ በአከርካሪ ውስጥ በሚወርደው ኅብለ ሰረሰር ላይ ወይም አጠገቡ ነው። በዓይን የማይታይ ሕዋስ ከግማሽ ሜትር በላይ ክንድ ዘርግቶ ጣት ጫፍ ይደርሳል! አሁንም ይደንቀኛል። ከኅብለ ሰረሰር እንዲህ ያሉ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ፤ 12 ጥንድ ደግሞ ከአንጎል። ክሩ ሲበጠስ ከሕዋሱ የተለየው ወገን ይሞትና ልባሱ ብቻ ይቀራል። ሐኪሙ የሚሰፋው ልባሱን ነው፤ ክሩ ራሱ ከተበጠሰበት ተነስቶ በዚያ ውስጥ እንደገና ማደግ አለበት፣ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ።

ጥር ላይ የሆነውን አልረሳውም። እናቴ የቡናውን ዱአ እያደረገች ወንድሜ እጁን የከሰል ምድጃው ጠርዝ ላይ አሳርፏል። የቆዳው ጠረን ቀድሞ የሸተተው እኔን ነው። «እጅህን!» ስለው ፊቴን አየ እንጂ እጁን አላነሳም። በጤነኛ እጅ የቃጠሎው ወሬ ኅብለ ሰረሰር ሲደርስ «ሽሽ» የሚለው ትእዛዝ ለጡንቻ የሚወጣው አንጎል ገና ሳይሰማ ነው። የእርሱ ጣት ግን ወሬ ነጋሪ አልነበረውም። ውኃ የቋጠረውን ቁስል ሳጥብለት እርሱን አላመመውም፤ እኔ አለቀስሁ።

አያታችን ግራ ጎኗን ስትሮክ ከያዛት አራት ዓመት ሆኗታል። እናቴ «ለእርሷስ እንዲህ አይበቅልም?» አለችኝ። በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የተበጠሰ ክር እንደ እጅ ነርቭ መልሶ እንደማያድግ ነገርኋት። አያቴ እየሰማች መናገሬ እስካሁን ይጸጽተኛል።

የዛሬው ነጥብ፣ ማለትም እያደገ ያለው ክር የደረሰበት ቦታ፣ ትንሿ ጣት ሥር ላይ አረፈ። ያለፈው እሑድ ነጥብ በሳሙና ታጥቦ ሊጠፋ ደርሷል፤ በማስመሪያ ለካሁት፣ 7 ሚሊሜትር። እስከ ጣቱ ጫፍ ወደ 6 ሴንቲሜትር ይቀራል። እናቴ «አብሽር» ብላ ስኒውን በግራ እጁ አስያዘችው።