የፋራዴይ ዳቦ በደሴ ቡና ላይ

ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ባለው ግቢያችን ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቤ የሳይንቲስቶችን ሕይወት መተረክ ከጀመርኩ አምስት ወር ሆነኝ። እናቴ ቡና ታፈላለች፣ እኔ በአቦልና በቶና መሃል አወራለሁ። እናንተም ለልጆች የምትተርኩ ስለሆናችሁ እስካሁን ያየሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ላይ የትውልድ ዘመን፣ ትምህርት ቤት፣ ግኝት እያልኩ በተርታ ነበር የምነግራቸው። ቶናው ሳይቀዳ ግማሾቹ ኳስ ሜዳ ናቸው። ነገሩን የቀየረው የዳርዊን ጥንዚዛ ነው። ዳርዊን በተማሪነቱ ጥንዚዛ መሰብሰብ ይወድ ነበር። አንድ ቀን የዛፍ ቅርፊት ሲልጥ ሁለት ብርቅዬ ጥንዚዛ አገኘና በሁለት እጁ ያዛቸው። ወዲያው ሦስተኛ ብቅ አለ። እንዳያመልጠው ብሎ በቀኝ እጁ የያዘውን አፉ ውስጥ ከተተው! ጥንዚዛው የሚያቃጥል ፈሳሽ ለቀቀበት። ምላሱ ሲነድ ተፋው፤ ሦስተኛውም አመለጠ። ልጆቹ ፊታቸውን አጨማደዱ እንጂ አንድም የተነሳ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ጉድ ጉዱን ብቻ መፈለግ ጀመርኩ። ስለ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሄንሪ ካቨንዲሽ ነገርኳቸው፤ ከዓይን አፋርነቱ የተነሳ የቤት ሠራተኞቹን ላለማግኘት እራቱን በወረቀት ጽፎ የሚያዝ ሰው ነበር። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ «ታዲያ ሳይንቲስት ሁሉ እብድ ነው?» አለኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ ነው። ለካ ግማሹን ብቻ ነው የነገርኳቸው። በሳምንቱ ቀሪውን ጨመርኩ። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1797 እና በ1798 ትልልቅ የእርሳስ ኳሶች ትንንሾቹን ምን ያህል እንደሚስቡ ለካ። የአየር ንቅናቄ ሚዛኑን እንዳያውክበት ክፍሉን ዘግቶ ከውጭ በቴሌስኮፕ ነበር የሚያየው። ምድር በመጠን ከሚያክላት ውሃ አምስት ተኩል እጥፍ ያህል እንደምትከብድ ያወቀው እንዲህ ነው። ብቻውን ዝም ብሎ መቆየት የማይችል ሰው ይህን የሚሠራ አይመስለኝም።

አንድ ስህተትም ሠርቻለሁ። አንስታይን በሒሳብ ወድቆ ነበር ብዬ ነገርኳቸው። ሐሰት ነው፤ 15 ዓመት ሳይሞላው ካልኩለስ ያውቅ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀድሜ ያስተካከልኩት እሱን ነው።

እስካሁን እንደ ኤሌክትሪክ ተመራማሪው ማይክል ፋራዴይ የያዛቸው የለም። አባቱ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ቤተሰቡ ሲቸገር ለልጁ አንድ ዳቦ ለሳምንት ይሰጠው ነበር። አንድ ዳቦ ገዝቼ ለአንዷ ልጅ ቢላ ሰጠኋት፤ ለሰባት ቀን ቁረጪው አልኳት። በቢላው ጫፍ ምልክት አደረገች፣ አጠፋች፣ እንደገና ለካች። ስትጨርስ የእያንዳንዱ ቀን ድርሻ ሁለት ጣት አይሞላም። አያቱ ደረሳ (የቁርኣን ተማሪ) የነበሩ ልጅ «አያቴም በልጅነታቸው እንደዚህ ነበሩ» አለ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ፋራዴይን እንደ ዘመድ ነው የሰሙት። በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ገባ፤ የሚጠርዘውን ያነብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1812 የታዋቂውን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት ሰምቶ ማስታወሻውን በገዛ እጁ ጠርዞ ላከለት። በ1813 ዴቪ ቀጠረው።

የኛው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማም አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ በሽታ ተሸካሚ ናቸው፤ የገደላቸው እንዶዱ ነበር። እናቴ ጀበናዋን አስቀምጣ «እንዶድ እኮ እኛም ነጠላ አጥበንበታል» አለች፤ የዚያን ቀን አብዛኛውን ያወራችው እሷ ናት።

የፊታችን ቅዳሜ ማሪ ኩሪ ናት። እ.ኤ.አ. በ1895 ስታገባ የለበሰችው ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ነው፤ በኋላ ላቦራቶሪ እየለበሰችው ሠርታበታለች። እናቴ ይህን ስትሰማ ከሳጥኗ አንድ ሰማያዊ ቀሚስ አውጥታ ግድግዳው ላይ ሰቅላለች።