እርጥብ አፈር ላይ በጥም የሚሞት ሽምብራ

በመስከረም መጀመሪያ የዘራነው ሽምብራ ሃያ አምስት ቀን ሲሞላው፣ ደብተሬን ይዤ የሞተውን መቁጠር ጀመርኩ። ማሳው ሆን ተብሎ የታመመ ነው። በአጠውልግ በሽታ የሞተው ተክል በየዓመቱ እየተከተፈ እዚያው መረሬው ውስጥ ይቀበራል፤ አዲስ ዘር የሚፈተነው በዚህ መሬት ላይ ነው።

ከሚፈተኑት ዘሮች ሁለት ሁለት መስመር ከዘራን በኋላ አንድ መስመር ጄጂ 62 እንዘራለን። ይህ የህንድ ሽምብራ አጠውልግን ፈጽሞ አይችልም። ሌላው ከአንድ አንጓ አንድ ሲያፈራ እርሱ መንታ ያፈራል፤ ሳየው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። የምንዘራው ግን እንዲሞት ነው።

አምና በማሳው ምሥራቅ ጫፍ አሥራ አንድ ዘሮች ለምልመው ነበር። «ተቋቋሙ» ብዬ ልጽፍ ስል መካከላቸው ያለው ጄጂ 62 ቀጥ ብሎ ቆሞ አየሁት። ፈንገሱ በዚያ ጥግ በቂ አልነበረም ማለት ነው። አሥራ አንዱንም ሰረዝኩ። የአንድ ወቅት ድካም ነበርና ያን ቀን አልቅሻለሁ፤ ያልተፈተነ ዘር ለገበሬ መስጠት ግን አልችልም። ዘንድሮ በዚያው ጥግ ጄጂ 62 አልቆ፣ ጎኑ ካለው መስመር 14 ከአርባ ቡቃያ የሞተው ሁለት ብቻ ነው።

የጠወለገውን ስነቅለው ሥሩ ጤነኛ ይመስላል፤ አልበሰበሰም። ግንዱን በምላጭ ከላይ ወደ ታች ስሰነጥቀው ግን መሃሉ ላይ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ቀጭን መስመር አለ። ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም የተባለው ፈንገስ በሥሩ ገብቶ ውኃ የሚወጣበትን ቧንቧ ይዘጋዋል።

አባቴ ይህን አያምኑም ነበር። ሽምብራ ክረምቱ ሲወጣ ተዘርቶ መሬቱ ባስቀረው እርጥበት የሚያድግ በመሆኑ፣ በደረቀባቸው ቁጥር «አዘገየሁት፣ እርጥበቱ አለቀበት» ይላሉ። ሁለት ዓመት ጤፍ ዘርተው ሽምብራውን ሲመልሱት እንደገና ደረቀ። ፈንገሱ ሽምብራ ባይዘራም አፈር ውስጥ ከ6 ዓመት በላይ ይቆያል።

ደግሞ የታወቁ ስምንት ዓይነቶች ስላሉት፣ እኛ ማሳ ላይ የቆመ ዘር ሌላ ቦታ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ለመስቀል አገር ቤት ስሄድ ከአባቴ ማሳ በግማሽ ጆንያ አፈር ይዤ መጣሁ። በሦስት ባልዲ ጄጂ 62፣ በሦስት ባልዲ የመስመር 14ን ዘር ዘራሁበት። በየሁለት ቀኑ ራሴ አጠጣሁ። በሃያ ሦስተኛው ቀን ጄጂ 62 ቅጠሉ ሳይረግፍ ዝልፍልፍ ብሎ ወደቀ። ሰነጠቅኩት፤ ጥቁሩ መስመር አለ። የመስመር 14ቱ ባልዲዎች እንደቆሙ ናቸው።

ማታ ደወልኩላቸው።

«ውኃ አጥቶ ነዋ» አሉ።

«በየሁለት ቀኑ ያጠጣሁት እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። «የቆመውስ? ዘሩ ይገኛል?»

ዘግይቶ የሚገድልበት ጊዜ ስላለ ቆጠራው ሲያብብም ሲያፈራም እንደሚደገም ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ሲያብብ ደውዪልኝ» አሉ።